ሠላሳ ሁለተኛው ማተብ

ለይታይሽ፣ ለባለቤቴ፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ሲያጽፈኝ ለሁሉም «እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ነበር የምጀምርለት። ላንቺ እንዲህ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ስለዚህ በቀን ቆጠራ እጀምራለሁ። ከተለየሽኝ ዛሬ ስድስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሠልስትሽን፣ ሰባትሽን፣ አርባሽን፣ ሰማንያሽን በየቀናቸው አስቤያለሁ። መንፈቅሽንም ከፋሲካ በኋላ አወጣሁ። ገብስ ስላልነበረን ጠላው ቀጠነ። ሰው ግን አላማንም፤ በየቤቱ እንደዚያው ነው።

ነገ የአምበር ገበያ ነው። ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅዬ እወጣለሁ። ከገበያው ወደ ቤት አልመለስም፤ ወደ ዓባይ ቆላ እወርዳለሁ። እህትሽ አለሚቱ ወዳለችበት ነው የምሄደው፤ ወይም ወደነበረችበት። ባለፈው ክረምት ሂድ ስትዪኝ ያልሄድኩትን መንገድ አሁን ልሄደው ነው። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም። ይቅርታ የሚጠየቀው የሚመልስ ሲኖር ነው። የሆነውን በተራው ልነግርሽ ነው፤ አንዳንዱን ሳትሰሚው ሄደሻልና።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ቀዩን በሬ በጥር ወታደሮች ነድተው ወሰዱት። ጥቁሩ ብቻውን ስለቀረ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አረስኩ። ላሚቱ ወለደች፤ ጥቁር ትወልዳለች ብለሽ ነበር፣ ቀይ ወለደች። ጣሪያውን በምሥራቅ በኩል ነፋስ ገልቦታል። ሣሩን አጭጄ ከምሬዋለሁ እንጂ አልከደንኩትም። እንዝርትሽ ግድግዳው ላይ እንደሰካሽው ነው፤ ፈትሉም ግማሽ ላይ እንደቆመ። ጎረቤታችን አንድ ቀን ገብታ «ልጨርሰው እንጂ አባ፣ ጥጡን እኮ አቧራ በላው» አለችኝ። ተይው አልኳት። «እሺ፣ አቧራውም ይፈተል» ብላ ሄደች። ከሞትሽ ወዲህ ልስቅ የነበረው ያን ቀን ነው፤ አልሳቅኩም።

ሚካኤል ከተቃጠለ ወዲህ በግማሽ ጣሪያ ነው የምንቀድሰው። ዝናብ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ አንድ ወገን ይጠጋል። ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ወጥቼ ነበር፤ ቆርቆሮው በዝቷል። ካሚዮን ሲያልፍ ከብት ይደነግጥ የነበረው ድሮ ነው፤ አሁን ከብቱም ለምዷል። ሰውም ለምዷል። መቃብርሽ ደህና ነው። ጽዱ ሥር ስለሆነ ፀሐይ አያገኘውም፤ ሣሩም ገና አልያዘም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ጦሩ የአለሚቱን አገር ባቃጠለ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቆላ ወረደ። ቄሳቸው በመንገድ ተገደለ። ታቦቱን ይዘው አንድ ዋሻ ውስጥ አኖሩት፤ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ይጠብቁታል። ይህን ሁሉ የነገረን እንድሪስ ነበር። ደጀን ላይ ጨው የሚነግደው እንድሪስ፣ ወደ ቆላ የሚወርደውንም ወደ ደጋ የሚወጣውንም ወሬ ከአህያ ጭነቱ ጋር የሚያመላልስ። በሰኔ መጥቶ አለሚቱ ሴት ልጅ ተገላገለች አለን። አንቺ ሊጥ እያቦካሽ ነበር። እጅሽን ሳትታጠቢ ተነስተሽ በሩ ላይ ቆምሽ።

ለእኛ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። አለሚቱ ገና ስታረግዝ «ሴት ከሆነች የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» ብላ ልካብሽ ነበር። ወንድ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። በጣትሽ ቆጥረሽ ሰማንያኛው ቀን አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚውል ደረስሽበት። እኔ ሳጠምቅ አንቺ ልጅቷን ተቀብለሽ ልትታቀፊ፣ ስሟንም ወለተ ሐና ልታሰኚያት ተስማማን። ሐና ልጅ በማጣቷ ብዙ እንደጠበቀች ስለምታውቂ ነው ያን ስም የመረጥሽው፤ አልነገርሽኝም፣ ግን ገብቶኛል።

እንድሪስ ሌላም ነገር ተናግሮ ነበር። ቄሱ ከሞተ ወዲህ የተወለዱ፣ ያልተጠመቁ ሌሎች ሠላሳ አንድ ሕፃናት እዚያ አሉ፤ አንዳንዶቹ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ማተብ ገመድሽ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ ክር እያዋደድሽ፣ ጫፉን በጥርስሽ እየያዝሽ ሠላሳ አንዱን ጨረስሽ። የአለሚቱን ልጅ ማተብ መጨረሻ ላይ ሠራሽው። ሠላሳ ሁለተኛው ከሁሉም የቀጠነና የጠበቀ ነበር። እኛ እስክንደርስ እናትየዋ ትያዘው ብለሽ በእንድሪስ እጅ ላክሽላት።

በፍልሰታ ጾም ቄስ ሞገስ በቆላው አለፈ። ሞገስን አንቺ ያወቅሽው በኋላ ነው፤ እኔ በስም አውቀው ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ በጣሊያን ፈቃድ በተሾመ ጳጳስ እጅ ከተካኑት አንዱ ነው። ከአርበኞች ጋር ያለው ሕዝብ የእነዚህን ሰዎች መስቀል አይሳለምም። ሞገስ ግን አንድ ዲያቆን አስከትሎ፣ ማንም ሳይልከው፣ ቄስ የሌለበትን አገር እየዞረ ነበር። ሕፃናቱ ሳል ይዟቸው አየ። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃልና ላጥምቃቸው አለ። የአለሚቱም ልጅ ታማ ነበር። ሰዎቹ ግን የነፍስ አባታቸው እኔ ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ ምንም አያደርጉም። እንድሪስን ላኩብኝ።

የመለስኩትን ቃል አንድም ሳላስቀር አስታውሳለሁ። «ጠብቁ። የነፍስ አባታችሁ እኔ ነኝ። ክህነቱ እውነተኛ መሆኑ ለማይታወቅ ሰው ልጆቻችሁን አትስጡ። በሰማንያው ቀን እመጣለሁ።» እንድሪስ ቃሉን እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አንቺ ምሰሶውን ተደግፈሽ ትሰሚ ነበር። «ልጅቷ እኮ ታማለች» አልሽ። ሰምቼሻለሁ። አልሰማኝም ብለሽ ከነበረ፣ ሰምቼሻለሁ።

እኔ የተካንኩት ከጦርነቱ በፊት ነው። በዚህ እኮራ ነበር። ሌላ የሚያኮራኝ ነገር ስላልቀረኝ ይሆናል።

ከደጀን በታች ለመውረድ የጣሊያኑ ሹም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። አስተርጓሚው የታተመ ወረቀት ሰጠኝ፤ ማኅተም ግን አልተመታበትም። በመጀመሪያው ጊዜ «ዶማኒ ብለዋል አባ፣ ነገ ማለት ነው» አለኝ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ «ዶማኒ» ብሎ ትርጉሙን ተወው፤ እኔም ቋንቋውን ለምጄ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። በሌላው በኩል የማላነበው ጽሑፍና ስሜ አለ።

ሰማንያኛው ቀን የዋለው እኔ በዚያ ቢሮ ግንብ ሥር ተቀምጬ ነው። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ያለ ወረቀት ብወርድና ብያዝ የቀረውን ንዋየ ቅድሳት ያቃጥሉታል ብዬ አስብ ነበር። ይህ እውነት ነው። ፈርቼም ነበር። ይህም እውነት ነው። የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው እንድሪስ መጣ። አህዮቹን ውጭ ትቶ ብቻውን ገባ። እንደልማዱ አልቀለደም። «መልእክትዎን አድርሼ ነበር አባ» አለኝ። «እሷም ጠብቃለች።»

ልጅቷ በሰማንያ ሦስተኛው ቀን ሞተች። ስላልተጠመቀች ፍትሐት አልተደረገላትም። ሰዎቹ መቃብር ብለው ካጠሩት ቦታ ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር ቀበሯት። አንቺ ይህን ቆመሽ ሰማሽ፤ ከዚያ ለእንድሪስ የሚበላ አቀረብሽለት። አልበላም።

በሰው ፊት «እርስዎ» ትዪኝ ነበር፤ ቤት ስንገባ «አንተ»። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ውስጥም «እርስዎ» ሆንኩ። ቁርስዎ ቀርቧል፣ ውሃው ሞቆልዎታል። አልተቆጣሽም፣ አልወቀስሽም። በአክብሮት ኖርሽ።

ከመስቀል በኋላ ወረድሽ። ተደብቀሽ አልሄድሽም፤ ነግረሽኝ ነው። «እኔ ወደ እህቴ እወርዳለሁ» አልሽ። «ወረቀት የለሽም» አልኩሽ። «ለቅሶ ወረቀት አይጠይቅም» አልሽ። ጥጥ ሊያመጡ ከሚወርዱ ሴቶች ጋር፣ ባዶ ቅርጫት ተሸክመሽ፣ በዘቦቹ መካከል አለፍሽ። እኔ ሦስት ወር ያልሄድኩትን መንገድ በሁለት ቀን ጨረስሽው። ከሄድሽ በኋላ ዘቦቹ ሴቶቹን ቀና ብለውም እንዳላዩዋቸው ሰማሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለስሽ። ያየሽውን በጥቂት ቃል ነገርሽኝ። አለሚቱ አታለቅስም አልሽ። መቃብሩ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውበታል አልሽ። በዚያ ተመልሶ ሲያልፍ ደርሶ ጉድጓዱን የቆፈረው ሞገስ ነው አልሽ። የሚያደርሰው ጸሎት ስለሌለው ዝም ብሎ ቆፍሮ፣ ዝም ብሎ አፈር መልሶ፣ እጁን ታጥቦ ሄደ። ያንን ስትነግሪኝ ፊቴን አላየሽም።

ማተቡን መልሰሽ አመጣሽው። አለሚቱ «ለሚጠመቅ ልጅ ይሁን» ብላ ሰጥታሽ ነበር። አንቺ ግን ከሠላሳ አንዱ ጋር አልደባለቅሽውም፤ ለብቻው በነጭ ጨርቅ ቋጠርሽው።

በሦስተኛው ቀን ንዳዱ ጀመረሽ። በዚያ ወቅት ቆላ የወረደ ደገኛ እንደሚታመም ሁላችንም እናውቃለን፤ አንቺም ታውቂ ነበር። ሞትሽ በደረሰበት ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ጥቂት ለቀቀሽ። «አንተ» አልሽኝ። ከመስከረም ወዲህ ያልሰማሁት ነበር። «ማተቦቹ ደረቅ ቦታ ይሁኑ፤ ምስጥ እንዳይገባቸው» አልሽ። ሌላ ነገር ትዪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አላልሽም።

ማተቦቹ ደረቅ ቦታ ናቸው፤ ምስጥ አልነካቸውም። ላንቺ በሙሉ አፌ የምናገረው ይህን ብቻ ነው።

አንቺ ያልሰማሽው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በአርባሽ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሲበላ ሞገስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ማን እንደነገረው አላውቅም። ነጠላውን አደግድጎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እስኪበተን ቆመ። አየሁት። ግባ አላልኩትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል እንድሪስ ከቆላ መልእክት አመጣ። የሕፃናቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለ ፍትሐት ተቀብሯል፣ ቅዳሴ ከሰሙ ቆይተዋል፣ ኑልን ይላሉ። አለሚቱ ለብቻዋ የላከችው ቃልም ነበር። «ለአባ ንገርልኝ፤ አሁንም እየጠበቅን ነው።» ወቀሳ ይሁን እምነት አላወቅኩም። እንድሪስን በምን ዓይነት ድምፅ አለችው ብዬ ጠየቅኩት። «አባ፣ እኔ ጨው ሻጭ ነኝ፣ ድምፅ አልሰፍርም» አለኝ።

ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይቀደስም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ዲያቆኖቹ ተገኙ። ዲያቆን በላይነህን ታውቂዋለሽ፤ ጢሙ ሸብቶ ዲያቆን የቀረው፣ «ቄስ ያልሆንኩት የሰው ኃጢአት መስማት ስለሰለቸኝ ነው» የሚለው። ሁለቱ ደግሞ ከደብረ ወርቅ የቅኔ ትምህርት ቤት የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለተኛ ቄስ ግን ጠፋ። የእኛው ባልደረባ ቤተ ክርስቲያኑ በተቃጠለ ቀን እንደተገደለ ታስታውሻለሽ፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚቀድሱት የደብሩ አለቃ ብቻ ናቸው። አራት ቄሶች ዘንድ ሄድኩ። አንዱ እግሬን ያመኛል አለ። አንዱ ፈቃድ ሳይኖር እንዴት ይሆናል አለ። አንዱ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል አለ። አራተኛው እስከ በሩ ሸኘኝ። አንዳቸውንም መውቀስ አልቻልኩም። ቃላቸው የራሴ ቃል ነበር።

ስለዚህ ሞገስ ዘንድ ሄድኩ። ማረሻ እያሾለ አገኘሁት። ከአገልግሎት የሚያገኘው ስለሌለ አርሶ ነው የሚበላው። ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝና «ክህነቴ አምና ባዶ ነበር አባ፤ ዘንድሮ ማን ሞላው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ማረሻውን አስቀመጠ። «እኔም አላውቅም» አለ። «ሌሊት ተነስቼ የማስበው እሱን ነው። ሰው መስቀሌን አልሳለምም ሲለኝ እቆጣለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን እነሱ ልክ ቢሆኑስ እላለሁ።» ከዚያ መቼ እንደምንወርድ ጠየቀኝ። በዚህ ተስማማን፤ ሁለታችንም ባለማወቃችን።

የደብራችን አለቃ ሰምተው አስጠሩኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ፤ አንቺን ሲቀብሩ አልቅሰዋል። «ከእሱ ጋር ከቀደስክ ተመልሰህ እዚህ መቅደስ አትገባም» አሉኝ። «ጠልቼህ አይደለም። ሕዝቡ ይከፈልብኛል፤ ግማሹ ያንተን መስቀል ይሳለማል፣ ግማሹ ጀርባውን ይሰጥሃል። በዚህ ዘመን ይህ ቢጨመርብኝ አልችለውም።» ልክ ናቸው። በእሳቸው ቦታ ብሆን አምና ከዚህ የከፋ እናገር ነበር። ባለፈው እሁድ ቀድሼ ስወጣ መቅደሱን ተሳልሜ በጽዱ በኩል አለፍኩ። በቅዳሴው ሙታን በሚታሰቡበት ቦታ በክርስትና ስምሽ ወለተ ሥላሴ ብዬ የጠራሁበት የመጨረሻው ቀን ነው፤ እዚህ ማለቴ ነው። በቅርብሽ ሆኜ።

ምናልባት አለቃው ትክክል ይሆናሉ። የሞገስ ክህነት እውነተኛ ካልሆነ እነዚያ ሕፃናት የሚያገኙት ውሃና ክር ብቻ ነው፤ ያንን ይዤላቸው የወረድኩት እኔ እሆናለሁ። ብቻዬን ባጠምቅ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ግን ከጥምቀት በኋላ መቁረብ አለባቸው፣ ቁርባን ያለ ቅዳሴ የለም፣ ቅዳሴ ያለ አምስት የለም። እያንዳንዱ በር ወደ እሱ ያወጣኛል። አምና አውቃለሁ ብዬ ነበር። እዳውን የከፈለችው የሰማንያ ሦስት ቀን ልጅ ናት፤ ቀጥሎ አንቺ።

ከሁሉ የከፋውን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እንድሪስ መልእክቱን ካመጣ በኋላ፣ ከአሥር ቀን በፊት፣ አውሮፕላን ሁለት ቀን በቆላው ላይ ዞረ። ከደጀን አፋፍ ላይ ሆነው ጢስ ያዩ ሰዎች አሉ። አንዱ ሰፈሩ አስቀድሞ ወደ ወንዙ ተዛውሯል ይላል። ሌላው ማንም አልቀረም ይላል። እንድሪስ ራሱ ሊያይ ወርዶ ከመንገድ ተመለሰ፤ ምን እንዳየ አልነገረኝም፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩትም። ከሠላሳ አንዱ ስንቱ እንዳሉ አላውቅም። አለሚቱም ትኑር አትኑር አላውቅም። ተስፋ አለኝ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል። የምሄደው ተስፋ ስላለኝ አይደለም። «እመጣለሁ» ብዬ ስለላክሁና ያ ቃል እዚያ ተቀምጦ ስለሚጠብቀኝ ነው።

ጉዞውን ትናንት እዚህ ቤት ተቀምጠን መከርን። ልብሰ ተክህኖው በእንድሪስ ጨው ጭነት ውስጥ ይገባል፤ ጽዋውና ጻሕሉ በጤፍ ስልቻ ውስጥ። የቅባተ ሜሮኗ ብልቃጥ ትንሽ ናት፤ እኔ በብብቴ እይዛታለሁ። ከታናናሾቹ ዲያቆናት አንዱ ያለ ፈቃድ መሄዳችን እንዳሳሰበው ተናገረ። በላይነህ ሳቀበት። «ሐዋርያት ወረቀት ቢጠብቁ ኖሮ እስከ ዛሬ ኢየሩሳሌም በር ላይ ተሰልፈው ነበር» አለው። ከዚያ ወደ እንድሪስ ዞሮ «አንተም እኮ ካህን ልትሆን ነው፤ ንዋየ ቅድሳት ተሸካሚ» አለው። እንድሪስ ጭነቱን እያጠበቀ «የጫንኩት ጨው ነው። ለአንተ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሞገስ ግን ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ስለነበር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንዝርትሽን ያይ ነበር።

በዕድሜም በክህነትም ስለምቀድመው ቅዳሴውን የምመራው እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያስባሉ። ስንለያይ ሞገስን ወደ ጎን ጠርቼ መሪው አንተ ነህ፣ የምታጠምቀውም አንተ ነህ፣ እኔ ረዳት ሆኜ እቆማለሁ አልኩት። ደነገጠ። «አባ፣ ጥርጣሬውን በኔ ላይ ሊጭኑት ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። አምና ላጥምቅ ብሎ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ከእሱ ቀድሜ እጄን ወደ ውሃው መዘርጋት አልችልም። ይህን ሁሉ አላልኩትም። «ጉድጓዱን የቆፈርከው አንተ ነህ» አልኩት ብቻ። ገባው።

ሠላሳ አንዱን ማተብ በአገልግል አድርጌያቸዋለሁ። ሠላሳ ሁለተኛውን፣ በነጭ ጨርቅ የቋጠርሽውን፣ ለብቻው ይዣለሁ። አለሚቱ ለሚጠመቅ ልጅ ይሁን ብላ ነበር፤ ለማንም አላስረውም። ከዋንዛው ሥር ያሉትን ድንጋዮች ፈልጌ ካገኘሁ እዚያ እወስደዋለሁ። ከደረስኩ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም። ለእሷ የሚሆን ጸሎት መጽሐፉን ገልጬ ፈለግኩ፤ የለም። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን የተጻፈ ነገር የለም፤ አምና ስመልስ ይህን አውቅ ነበር።

አንቺ ፊደል ስላልቆጠርሽ የምጽፈውን ሁሉ «አንብብልኝ» ትዪኝ ነበር። አሁንም ስጽፍ ድምፄን እያወጣሁ ነው። ወረቀቱ እያለቀ ነው። ሲያልቅ አጥፌ በመጽሐፌ ማኅደር ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ማኅደሩም እዚሁ ከእንዝርትሽ ጎን ተሰቅሎ ይቀራል። ላሚቱንና ጥጃዋን ለጎረቤታችን ሰጥቻለሁ። ጣሪያውን ሳልከድነው ነው የምሄደው።

አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሙታኑ ይህን ይላል። እኔ ላንቺ አንድ የተለየ ቃል እገባለሁ። ከዋሻው ደርሰን፣ አምስታችንም ቆመን፣ ሙታን የሚታሰቡበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ አንቺን ወለተ ሥላሴ ብዬ እጠራለሁ። ከዚያ ሳላቋርጥ ልጅቷን ወለተ ሐና ብዬ እጠራለሁ። ይህ አይፈቀድም። ስሙ አልተሰጣትም፤ የመረጥሽላት አንቺ ብቻ ነሽ። ሞገስ ይሰማኛል፤ ዝም ካለ ሁለታችንም እንጠየቅበታለን።

ወደ ዋሻው ባንደርስስ ብዬም አስቤያለሁ። ስለዚህ እስከዚያ አልጠብቅም። መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ነገ ከዚህ በር ስወጣ ሁለታችሁን በስማችሁ እየጠራሁ እሄዳለሁ፣ በገበያው መካከል፣ በዘቦቹ ፊት፣ ቁልቁለቱን ሁሉ። የት ላይ እንደሚቋረጥ አላውቅም።

ባልሽ፣ ቄስ ውበቱ